ከስሙ የተለየ ክኒን

ሙያዬ ውሃ መለካት ነው። ከጋሞ ደጋ ተነስቶ አባያ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚያወርድ፣ ስንት ደለል እንደሚሸከም፣ በየትኛው ወር ሞልቶ ከአፉ እንደሚያልፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ያልተለካ ነገር በእኔ ክፍል ውስጥ እንደ እውነት አይቆጠርም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። የምተርክላችሁ ጥፋት ስሙን ባላነበብኩት፣ መጠኑንም ባላመዛዘንኩት ነገር በእኔው እጅ ስለተፈጸመ ነው።

ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። አላገባሁም፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ማርታ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የግራ ዓይኗን ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ከወሰደባት ቆይቷል። የቀኙ ግን በየቀኑ በሚገባበት ጠብታ ተጠብቆ ነበር። በዚያ በቀረው አንድ ዓይን መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች፤ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ጫኖ ወርዳ የሙዝ ማሳዋን ትቆጣጠራለች፤ ማታ ከሥራ ስገባ ፊቴን አይታ «ምሳ አልበላሽም» ትለኛለች። ተሳስታ አታውቅም።

አስቴርን የማውቃት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን አድገናል፤ እናቴም ሁለታችንንም አስተምራናለች። እኔ ወደ ውሃ ስሄድ እሷ ወደ መድኃኒት ሄደች፤ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ የራሷን መድኃኒት ቤት ከፈተች። ከተማው የሚወድላት አንድ ልማድ ነበራት። አሮጊት ወይም ሽማግሌ ደንበኛ ሲመጣባት ክኒኑን ከእሽጉ እየፈለፈለች ታወጣና በትንሽ የወረቀት ከረጢት ትጨምረዋለች። በወረቀቱም ላይ በእስክሪብቶ ለጠዋቱ አንድ መስመር፣ ለማታው አንድ መስመር ታሰምራለች። «የደከመ ጣት ብረት ወረቀት አይቀድም» ትል ነበር። ሰው ሁሉ ደግነት ነው ይል ነበር። እኔም እል ነበር። የመድኃኒቱ ስም፣ የሚያበቃበት ቀንና የመመሪያው ወረቀት ግን እሷ ጋ ይቀሩ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። እናቴ ጫኖ ላይ የሙዝ ዘለላ ከመሬት ላንሳ ስትል ወገቧ ተያዘ። የባጃጁ ነጂና ጎረቤታችን ተጋግዘው ቤት አስገቧት። እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ስወጣ በቀጥታ ሲቀላ ወረድኩ። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። አስቴር ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና አየችኝ።

«ዶክተሯ መጣች! መንገድ ልቀቁላት፣ ወንዝ ለክታ ነው የመጣችው» አለች። ሰዎቹ ሳቁ።

«አስቴር፣ እማዬ ወገቧ ተይዟል። መዞር አልቻለችም።»

«ጡንቻዋ ነው የጨበጣት። ለዚህማ አሪፍ ነገር አለኝ። ሕመሙንም ያስታግሳል፣ የተኮማተረውንም ያፍታታል። ሕፃን ሆና ነው የምትተኛው።» ጀርባዋን ሰጥታኝ መፈልፈል ጀመረች።

«ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን ምን ያደርግልሻል? ፈተና ልታወጪበት ነው?»

አሁንም ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥዬ የጠየቅሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለደገምኩት አይጠፋኝም።

«ለዓይኗስ ችግር የለውም?»

«ጠብታዋን ማን ነው የሚሸጥላት? እኔ ነኝ። የእትዬ ማርታን ዓይን ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ምግብ ከበላች በኋላ።»

«ሕመሙ ከባሰ ቤት ያለውን ፓራሲታሞል ልጨምርላት?»

«እሱ ምን ይጎዳል? ጨምሪላት።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ከረጢቱ ላይ ከሁለቱ መስመሮች ሌላ የተጻፈው «ለወገብ» የሚል ብቻ ነበር።

ዓርብ ማታ አንዱን ሰጠኋት። ፓራሲታሞልም ሁለት ፍሬ ጨመርኩ። በደንብ ተኛች። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ደገምኩ፤ ፓራሲታሞሉንም ደገምኩ። እኩለ ቀን ላይ ሕመሙ እንደገና ሲነሳባት ለአስቴር ደወልኩ። «ትንሽ ናት ለሷ፤ አንድ ጨምሪላት» አለችኝ። ጨመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ውሃ ጠየቀች። ጠጥታ ሳትጨርስ እንደገና ጠየቀች። ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ነበር።

«ሐና፣ መስኮቱን ዝጊው» አለችኝ። ሐና ከሞተች ሠላሳ ዓመት ያለፋት እህቷ ናት።

«እማዬ፣ እኔ ሰናይት ነኝ።»

«ሰናይትማ ትምህርት ቤት ናት» አለች፤ ፈገግም አለች። ቀጥሎ በሁለት እጇ ግንባሯን ይዛ አስመለሳት። ፊቷ ቀልቷል፣ ቆዳዋ ደርቆ ያተኩሳል። ከጠዋት ጀምሮ ሽንቷን እንዳልሸናች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አስር ሰዓት ላይ ሆስፒታል ነበርን።

ተረኛው ሐኪም ካሳሁን የሚባል ወጣት ነው፤ ጥንቁቅና ትሑት። እኛ ዘንድ የሚያተኩስ፣ የሚያስመልስና የሚያቃዥ ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ደም ወሰዱ። በቱቦ ሽንቷን አወጡላት፤ ብዛቱን አይቶ ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደ። ቀኝ ዓይኗን ደግሞ በትንሽ መብራት ደጋግሞ አየ።

«ዶክተር» አለኝ፣ እኔን ነው፤ «ምን መድኃኒት ወስደዋል?»

የወረቀቱን ከረጢት ሰጠሁት። የቀሩትን ክኒኖች መዳፉ ላይ አፍስሶ አገላበጣቸው። ነጭ፣ ክብ፣ ማንነታቸውን የሚናገር ምንም የሌላቸው ናቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። የሰጠችኝ ልትነግርዎት ትችላለች።»

ስልኬን ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርጌ ለአስቴር ደወልኩ። እናቴ ሆስፒታል መግባቷን ነገርኳት፤ «ወይኔ ጌታዬ!» አለች። ሐኪሙ ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ ለወገባቸው የሰጠሻቸው ምንድን ነው?»

  አስቴር አንድ እስትንፋስ ሳብ አድርጋ መለሰች።

«ፓራሲታሞል ነው።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን ነው ዶክተር።»

«ጡንቻ የሚያፍታታ የተቀላቀለበት አይደለም?»

«አይደለም። ፓራሲታሞል ነው።»

ሐኪሙ ስልኩን መለሰልኝ። «እንግዳ ነገር ነው» አለኝ። «አፍ የሚያደርቅ፣ ሽንት የሚይዝ፣ አእምሮ የሚያዞር፣ የዓይን ግፊትም የሚያነሳ መድኃኒት አለ። ምልክቱ ሁሉ እሱን ይመስላል። የዓይን ስፔሻሊስቱ ዛሬ ከከተማ ውጪ ነው፤ መድኃኒት መሆኑን ባውቅ ደውዬ አሁኑኑ አስመጣው ነበር። ካልሆነ ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ነገር ማስቀደም አለብኝ።»

«ለወገብ የተኮማተረውን የሚያፍታታ ነው ብላኝ ነበር» አልኩት።

«አሁን ግን አይደለም አለች። ልትዋሽ ትችላለች?»

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥፋቴን በእሷ ጥፋት ውስጥ አልደብቀውም። በጆሮዬ የሰማሁት ሁለት የማይገናኝ ቃል ነው። አንድ ተማሪዬ ለአንድ ወንዝ ሁለት የማይገናኝ ልኬት ቢያመጣልኝ ተመልሶ እንዲለካ አዘዋለሁ። ለሐኪሙ የመለስኩት ግን «አስቴር አትዋሽም፤ እኔ ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል» የሚል ነው።

የወባ ምርመራው ነጻ ነው አለ። ደገሙት፤ አሁንም ነጻ ነው። ማጅራት ገትር ተጠረጠረ፤ በጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ተጠረጠረ፤ ወደ ሌላ ከተማ ልኮ የጭንቅላቷን ምስል ስለማስነሳት ተወራ። ለትኩሳቱ ሌላ ፓራሲታሞል ሊሰጧት ሲሉ እስካሁን የሰጠኋትን ደመርኩላቸው፤ ነርሷ ተወችው። አንድ ነገር ቢኖር ልክ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በከፊል፤ በአስቴር ክኒን ውስጥ ያለውን የፓራሲታሞል መጠን ያነበብኩት በማግስቱ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ አስቴር መጣች። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እህቶች አስከትላለች፤ ብርቱካንና ጭማቂ ይዘዋል። እናቴን ግንባሯን ሳመቻት። እናቴ አላወቀቻትም።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ አስቴርዎት!» አለችና አለቀሰች። እንባዋ እውነተኛ ነበር፤ ይህን አልክድም።

እጇን እናቴ ራስ ላይ ጭና ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን የምትገልጥ አንተ ነህ! ሐኪሞች ያላወቁትን ሥራይ ግለጥ!» እህቶቹ «አሜን!» አሉ። በአጠገቡ አልጋ ያለ አስታማሚ ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ።

ሲወጡ በኮሪደሩ አስቆምኳት።

«አስቴር፣ ዓርብ ዕለት ጡንቻ ያፍታታል አላልሽኝም?»

«ሕመሙ ሲለቅ ጡንቻውም ይፈታል ማለቴ ነው፤ ሰኒዬ።»

«በእርግጥ ፓራሲታሞል ብቻ ነው?»

ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «አሁን ከጸሎት ነው የወጣሁት። እዋሽሻለሁ? ለእትዬ ማርታ? ደክሞሻል፣ ትንሽ ቅመሺ» አለችና ብርቱካን ልጣ በእጄ አስያዘችኝ። በላሁት።

እሑድ ጠዋት ሲነጋጋ እናቴ ትንሽ ረጋ ብላ ነበር። የመስኮቱ መጋረጃ ተከፍቷል፤ ብርሃኑ አልጋዋ ላይ ወድቋል።

«ሰናይት» አለችኝ። ስሜን በትክክል ስለጠራችው ደስ አለኝ።

«አቤት እማዬ።»

«መብራት አላበሩም እንዴ?»

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ስለሚያነሳው መድኃኒት የተናገረው ትዝ አለኝና ተነስቼ ቆምኩ። ሐኪሙ የሚያስፈልገው የክኒኑ ስም ነውና እሱን አልጠራሁም፤ ለአስቴርም አልደወልኩላትም። ሐኪሙ ከመለሰልኝ ከረጢት አንድ ክኒን አወጣሁና በባጃጅ ሲቀላ ወረድኩ። እሑድ ጠዋት አስቴር ቤተ ክርስቲያን እንደምትሆን አውቃለሁ። መድኃኒት ቤቱን የምትከፍተው ረዳቷ ወሰነች ናት፤ ስድስት ዓመት አብራት የሠራች፣ ቀጥ ያለች ሴት።

«ዶክተር! እናትዎ እንዴት አደሩ?»

ያን ጠዋት የዋሸሁትን አልጸጸትበትም። «ደህና ናት። ይህ ክኒን አለቀብን፤ አስቴር ድገሚላት ብላኛለች» አልኳት።

ክኒኑን አየችው። ፊት ለፊት ወዳለው መደርደሪያ እንኳ አልዞረችም፤ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ካርቶን ይዛ ወጣች። ልትፈለፍል ስትጀምር እጇን ያዝኩት።

«አታውጪው። ከነእሽጉ ስጪኝ። ለምን ጓዳ ገባ?»

«እኔ እንጃ። ትናንት ወደ አስር ሰዓት ገደማ ስልክ አነጋግራ ስትጨርስ፣ ‹ይህን ከፊት አንሺው› አለችኝ። ቀኑ ያለፈበት መስሎኝ አየሁት፤ አላለፈበትም።»

ቆሜ አነበብኩት። ፓራሲታሞልና ኦርፈናድሪን፤ አንዱ ሕመም ማስታገሻ፣ ሁለተኛው ጡንቻ ማፍታቻ። የመመሪያውን ወረቀት ዘረጋሁ። ግላኮማ ያለበት ሰው እንዳይወስደው፣ ሽንት የሚይዘውም እንዳይወስደው፣ ፓራሲታሞል ካለበት ሌላ መድኃኒት ጋር እንዳይደረብ ተጽፏል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ መደናገር ሊያመጣ እንደሚችልም ተጽፏል። ሁሉም ተጽፎ ነበር። እናቴ የሆነችው ሁሉ ከአስቴር መደርደሪያ ላይ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር።

«ዶክተር፣ ምን ሆኑ?» አለች ወሰነች።

«ምንም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ሁለት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ለካሳሁን ሰጠሁት። አንድ ጊዜ አነበበው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር፤ ለስፔሻሊስቱ ተደወለ፤ የዓይን ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት በደም ሥርም በጠብታም ተጀመረ፤ የጉበት ምርመራ ታዘዘ። እኩለ ቀን ላይ ስፔሻሊስቱ ደረሰ። በማግስቱ እናቴ ቀኑን፣ ወሩን፣ የሐኪሙንም ስም ተጠይቃ በትክክል መለሰችልን። ጉበቷ ተርፏል። ሽንቷ ተስተካክሏል። ቀኝ ዓይኗ ግን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየትና ፊቷ የሚወዛወዝ እጅ ከማየት በቀር አልተመለሰም።

«ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ብናውቅ ኖሮ…» አለ ካሳሁን፤ አልጨረሰውም። የቀረውን እኔ ሠራሁት። ከቅዳሜ አስር ሰዓት እስከ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ አሥራ ስድስት ሰዓት። ክኒኑ በስሕተት ተሰጥቶ ነበር፤ ስሕተት የሰው ነው። አሥራ ስድስቱ ሰዓት ግን ስሕተት አልነበረም።

አስቴር ያኔውኑ እሑድ ዕለት፣ ከጉባኤ እንደወጣች መጥታ ነበር። ወሰነች ነግራታለች። በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆመን ነበር።

«ሰኒ፣ ልንገርሽ…»

«የማውቀውን አትንገሪኝ። ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽውም? እሱን ብቻ መልሺ።»

«ቁጥጥር ሊመጣብኝ ነው በዚህ ሳምንት። ያለ ማዘዣ ሰጥታ ሰው ጎዳች ቢባል ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ደነገጥኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ እንዴት ልመልሰው?»

«ማታ ስትመጪስ? አጠገቧ ቆመሽ የተሰወረውን ግለጥ ስትዪስ?»

«ጌታ ይፈውሳታል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።» እጄን ልትይዝ ሞከረች። «ሰላሳ አራት ዓመት ሰኒ! እህትሽ አይደለሁም?»

«ለዚህ ነው ያመንኩሽ» አልኳትና ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በስሟ ጠርቻት አላውቅም።

ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አመለከትኩ፤ የቀሩትን ክኒኖች፣ ከረጢቱንና መመሪያውን አያይዤ። መድኃኒት ቤቱ ለጊዜው ተዘጋ። ያኔ የአጥቢያው ሽማግሌዎች አራት ሆነው ቤታችን መጡ። በእኛ አገር ጉዳይ ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት በሰው መካከል ያልቃል፤ እኔ ይህን ወግ የሳትኩ ባለጌ ሆንኩ።

«ልጃችን» አሉኝ ትልቁ፣ «ጥፋተኛ ናት፤ አምናለች። ማመልከቻውን አንሺና በሰላም እንጨርሰው።»

መልስ ሳልሰጥ እናቴ ከተቀመጠችበት ተናገረች። «እኔ ይቅር ብያታለሁ። ተማሪዬ ናት፤ ትምጣልኝ።»

ሽማግሌዎቹ «ተባረኪ!» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አባቶች» አልኳቸው፣ «ዓይኑ የእማዬ ነው፤ ይቅር ማለት መብቷ ነው። አሥራ ስድስቱ ሰዓት ግን እኔ ላይ የተዋሸ ነው። እሱን ይቅር አላልኩም። ማመልከቻውም አይነሳም።» ሳይመርቁኝ ወጡ።

ይህ ምን ለወጠኝ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የተሻልኩ ሰው አላደረገኝም፤ የማነብ ሰው አደረገኝ። ማንኛችሁም ወገባችሁ ቢያዝ ሕመም ማስታገሻና ጡንቻ ማፍታቻ የተቀላቀለበት ክኒን መውሰድ ነውር የለውም፤ ለተገቢው ሰው በተገቢው መጠን ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከነእሽጉ ተቀበሉ። ስሙን ስትጠይቁ የሚስቅባችሁን ሰው ሁለተኛ ጠይቁት፤ ሦስተኛ ጊዜ ካሳቀው ሌላ ቤት ሂዱ። የዓይን ግፊት እንዳለባችሁ፣ ሽንት እንደሚይዛችሁ፣ ሌላም የምትወስዱትን ሁሉ ሳትጠየቁ ተናገሩ። በውስጡ ፓራሲታሞል ካለ ቤት ያለውን አትደርቡበት። ያስተኛልና ወስዳችሁ መኪናም ሞተርም አትንዱ፤ መጠጥም አታስጠጉበት። ሲያማችሁ «አንድ ጨምሪ» የሚል ስልክ ሐኪም አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን የምታምኑትን ሰው ልክ እንደማታምኑት አድርጋችሁ ጠይቁ። ታማኝ ከሆነ አይከፋም።

አስቴር አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እሷ ታነብላታለች፤ የመረጠችው እናቴ ናት፤ እኔ ላንብብልሽ ስላት «አንቺ እንደ ዘገባ ነው የምታነቢው» አለችኝ። በሩን እከፍትላታለሁ፤ ሰላም አልላትም፤ ንባቡ እስኪያልቅ ጓሮ እቆያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሄደች በኋላ እናቴ ወደ ድምፄ ዞረች።

«ድምፅዋ ደክሟል» አለችኝ። «ፊቷ እንዴት ነው? ከስታለች?»

እንደዋሸችን ሴት መዋሸት እችል ነበር። እንደማላውቅ መሆንም እችል ነበር፤ በሩን ስከፍት የማላያት ይመስል።

«ከስታለች» አልኳት። «ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል።»

«ምስኪን» አለች እናቴ፣ እጇንም ፊቴ ላይ ልታሳርፍ ዘረጋች። የኔንም ፊት ማየት ስለማትችል በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ምሳ በልቼ እንደሆነም ጠየቀችኝ። አልበላሁም ነበር፤ አልበላሁም አልኳት።